ከእጣው በፊት የተደወለ ስልክ

እ.ኤ.አ. በ2004/05 የውድድር ዘመን የጣሊያን ሴሪ ኤ ዳኞች የሚመደቡት በእጣ ነበር። ሁለቱ መዳቢዎች፣ ፓኦሎ ቤርጋሞና ፒየርሉዊጂ ፓይሬቶ፣ ጨዋታዎችንና ዳኞችን እንደ ክብደታቸው በየምድቡ ይለያሉ፤ ከዚያ እጣው ይወጣል። ላይ ላዩን ሲታይ ለማን ምን እንደሚወጣ ማን ያውቃል? ተጠልፈው የተቀዱ የስልክ ንግግሮች ግን ሌላ ጉድ አወጡ። የጁቬንቱስ ክለብ ኃላፊ ሉቻኖ ሞጂ የትኛው ዳኛ የትኛው ምድብ ውስጥ ቢገባ እንደሚሻል ከመዳቢው ከቤርጋሞ ጋር ይመክር ነበር። በ2006 ጁቬንቱስ ሁለት ዋንጫ ተነጥቆ ወደ ሴሪ ቢ ወረደ።

ዛሬ ምደባውን ሶፍትዌር እየተረከበው ነው።

በአሜሪካ የትምህርት ቤት ውድድሮች እንደ አርቢተር ስፖርትስ ያሉ የኢንተርኔት ሥርዓቶች ከተለመዱ ቆይተዋል። ዳኛው የማይመቸውን ቀንና ሊዳኝ የማይገባውን ትምህርት ቤት፣ ለምሳሌ ልጁ የሚማርበትን፣ አስቀድሞ ይመዘግባል። መዳቢው ጨዋታውን ይልክለታል፤ እሱም ይቀበላል ወይም ይመልሳል። የአገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ፌዴሬሽን ከ2018/19 እስከ 2021/22 ባለው ጊዜ 50,000 ያህል ዳኞች ሥራውን እንደተዉ ገልጿል። እንዲህ ባለ እጥረት አንዱን ዳኛ በአንድ ሰዓት ሁለት ሜዳ መመደብ የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም።

በቤዝቦል ደግሞ ስሌቱ ለሰው እጅግ ከባድ ነው። በሜጀር ሊግ 30 ቡድኖች በዓመት 2,430 ጨዋታ ያደርጋሉ፤ ዳኞቹም አራት አራት ሆነው ከከተማ ከተማ ይዞራሉ። ጉዟቸው ማጠር አለበት፤ ያንኑ ቡድን ቶሎ ቶሎ መዳኘትም የለባቸውም። ተመራማሪዎች በኮምፒውተር የሠሩት ፕሮግራም በእጅ ከሚዘጋጀው በልጦ ስለተገኘ ሊጉ በ2006፣ ከዚያም ከ2008 እስከ 2010 ተጠቅሞበታል።

ይሁንና ሶፍትዌር የሚያሰላው የተሰጠውን ነው። ለዳኛ ደረጃ የሚሰጠው፣ «ይህን ክለብ እንዳይዳኝ» ብሎ የሚዘጋበት፣ የወጣውን ምደባ ዓርብ ማታ በእጁ የሚለውጠው ሰው ነው። ሞጂም ቢሆን እጣው ውስጥ እጁን መክተት አላስፈለገውም፤ ከእጣው በፊት ስልክ መደወል በቂ ነበር።

ስለዚህ ሶፍትዌር የሚገዛ ፌዴሬሽን ከፍጥነቱ በፊት መጠየቅ ያለበት የለውጥ መዝገቡን ነው፦ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ዳኛ በማን ተካ? መዝገቡ ለክለቦችም መታየት አለበት። ምደባን አስቀድሞ ይፋ ማድረግ ዳኛውን ለተጽዕኖ ያጋልጣል የሚለው ስጋት እውነትነት አለው፤ የዳኛ ሕመም ወይም ሐዘንም አደባባይ የሚወጣ ጉዳይ አይደለም። ለሁለቱም መላ አይጠፋም፤ መዝገቡ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ይውጣ፣ የግል ምክንያቱ ይሸፈን፣ የመዳቢው ስም ግን አይሸፈን።