የዋጋ መልእክት ስለ ምን ይዘገያል?

ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ጭሮ፣ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ይባል ወደ ነበረው ከተማ የሚጓዝ ሰው በቦርደዴ ጥቂት ቢያርፍ፣ ከሱቁ በራፍ ቆሞ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚጠባበቅ ነጋዴ ማየቱ አይቀርም። የሚጠባበቀው የሽንኩርት፣ የቡና ወይም የከብት ዋጋ ነው። መልእክት መላኩን ሰምቷል፤ በቴሌግራሙ ላይ ግን ክቡ ይዞራል እንጂ ጽሑፉ አይወርድም። የጭነት መኪናው ደግሞ ሰው አይጠብቅም።

ለንግድ ሰው የዘገየ ዋጋ ከሐሰተኛ ዋጋ ብዙም አይሻልም። የጧቱ ዋጋ ከቀትር በኋላ ሲደርስ ሻጩ በርካሽ ሸጦ፣ ገዢውም በውድ ገዝቶ ይገኛል። ስለዚህ ይህ ነገር ለወጣቶች ብቻ የሚተው የመሣሪያ ጉዳይ አይደለም፤ የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ ነው።

መልእክት በዘገየ ቁጥር ሁላችንም የምንወቅሰው ኔትወርኩን ነው። የኔትወርክ ድካም መኖሩን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ከፍርድ በፊት ምስክር መስማት ይገባል፤ ምርመራውም እንደሚከተለው ቀላል ነው።

በመጀመሪያ፣ በዚያው መስመር የሚጠቀም የጎረቤትዎ ስልክ በዚያው ሰዓት ፈጣን ከሆነ ጥፋቱ በእርስዎ ስልክ ነው። ሜሞሪው ሞልቶ፣ ፕሮግራሙ አርጅቶ፣ ወይም ባትሪ መቆጠቢያው ዳታውን አግዶት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ሌላው ሁሉ እየሠራ አንዱ ፕሮግራም ብቻ ከዘገየ ነገሩ በዚያ ፕሮግራም ነው። ሦስተኛ፣ ሁሉም ስልክ ሌሊት ፈጥኖ ማታ ማታ የሚዘገይ ከሆነ መስመሩ በብዙ ተጠቃሚ ተጨናንቋል ማለት ነው። አራተኛ፣ ስልኩ ከ4ጂ ወደ 2ጂ ወርዶ እንደ ሆነ በመስኮቱ ዐናት ላይ ይታያል።

እነዚህ ሁሉ ተመርምረው ካለፉ በኋላ የሚቀረው ምክንያት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉ የሚበዛው ነው፤ እርሱም እኛው ራሳችን ነን። ሒሳቡን እንመልከት። አንድ የአማርኛ ፊደል በኮምፒዩተር አጻጻፍ 3 ባይት ይፈጃል። 300 ፊደል ያለው የዋጋ ዝርዝር እንግዲህ 900 ባይት ያህል ነው። ሳይጨመቅ የተላከ አንድ ፎቶግራፍ ግን 3 ሜጋ ባይት ሊሆን ይችላል፤ ይህም ከዝርዝሩ ከ3,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በሰከንድ 100 ኪሎ ቢት በሚያሳልፍ ደካማ መስመር ዝርዝሩ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሲደርስ፣ ፎቶግራፉ 4 ደቂቃ ይወስዳል። በአንድ የነጋዴዎች ግሩፕ ውስጥ ዐሥር ፎቶግራፍ፣ የበዓል መልካም ምኞትና የሠርግ ቪዲዮ ተከታትለው ቢገቡ፣ ዋጋው ከኋላቸው ተሰልፎ ይቀራል።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 በአሜሪካ የተጀመረው ዩዝኔት የተባለው የመልእክት መለዋወጫ መረብ በቀርፋፋ የስልክ መስመር ላይ የሚሠራ ስለ ነበረ፣ ተጠቃሚዎቹ ሁለት ልማድ አወጡ። አንደኛው አስቀድሞ ርእሱን ብቻ አውርዶ፣ ሙሉውን መልእክት የፈለጉት እንደ ሆነ ብቻ መክፈት ነው። ሁለተኛው ከባድ ፋይሎችን ለብቻቸው በተለዩ ቡድኖች ማኖር ነው። መስመሩ ባይፈጥንም ሥርዓቱ ሥራውን አቃለለው።

እኛም እንዲሁ ብናደርግ ምን ይጎድልብናል? ዋጋ የሚለዋወጥ ግሩፕ ሁሉ ዕቃውን፣ ደረጃውን፣ መለኪያውን፣ ዋጋውን፣ ቦታውንና ሰዓቱን በአንድ አጭር ጽሑፍ ያስፍር፤ ፎቶግራፍ በሌላ ግሩፕ ይቀመጥ፤ እያንዳንዱም ነጋዴ ፎቶግራፍና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ በስልኩ ማስተካከያ ይዝጋ። በትልቅ ከተማ ያለው ነጋዴ በፈጣን መስመር የሚልከው ቪዲዮ እርሱን አይከብደውም፤ የሚከብደው በቦርደዴ ያለውን ባልንጀራውን ነው፤ የዳታውንም ሒሳብ የሚከፍለው ያው ባልንጀራው ነው። ይህም መልካም ጉርብትና አይደለም።

ይህ ማለት አገልግሎት ሰጪዎች ከኀላፊነት ነጻ ናቸው ማለት አይደለም። የራሳችንን ቤት ካጸዳን በኋላም መዘግየቱ ከቀጠለ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን መዝግበን በአንድነት ማመልከት ይገባናል። በማስረጃ የቀረበ አቤቱታ ከመቶ ሰው ማጉረምረም ይልቅ ይሰማል።

አገራችን ከሩቅ ሆኖ መነጋገርን የጀመረችው በዚሁ በእኛ አቅጣጫ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው የስልክ መስመር ሥራ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲጀመር ሽቦው ውድ፣ ቃሉም የተመረጠ ነበር። ዛሬ ቃሉ ረከሰ፤ የነጋዴ ጊዜ ግን አልረከሰም።