የሜታፈርን ትርጉም ያውቃል፤ አንድ አንቀጽ ግን አይጽፍም

አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጥሩና «ሜታፈር ምንድን ነው?» በሉት። እንደ ዳዊት ይደግምላችኋል። የፕሬዘንት ፐርፌክትን ቀመርም ሳይሳሳት ይነግራችኋል። ከዚያ ወረቀት ስጡትና «የሰፈርህን የውሃ ችግር በእንግሊዝኛ በአንድ አንቀጽ አስረዳ» በሉት። እስክሪብቶው እጁ ላይ ይደርቃል።

ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እኛ የእንግሊዝኛን ትምህርት የስም ዝርዝር ስላደረግነው ነው። የዘይቤውን ስም፣ የጊዜውን ስም፣ የድርሰቱን ዓይነት ስም እናስሸመድዳለን። በስሙ የሚሠራውን ሥራ ግን አናሠራም።

ለምን? ፈተናው ስለማይጠይቅ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው። ወረቀት ላይ ያጠቁር፣ ኮምፒውተር ላይ ይጫን፣ ያው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ጮኸ። መጮኹ ተገቢ ነበር። ግን ማንም ያላነሳው ነገር አለ፦ እነዚያ ያለፉትም ቢሆኑ በእንግሊዝኛ ፈተናቸው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ እንዲጽፉ አልተጠየቁም።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ሲሚሊና ሜታፈርን ከባሕር ማዶ እንደመጣ አዲስ ዕቃ ያስተዋውቃል። ልጁ ግን ባለፈው ክፍለ ጊዜ በአማርኛ ትምህርት ተነጻጻሪና ተለዋጭ ዘይቤን ተምሮ ነው የመጣው። «ልቡ እንደ ድንጋይ ነው» ሲሚሊ፣ «ልቡ ድንጋይ ነው» ሜታፈር፤ አለቀ። ሰምና ወርቅ ሲፈታ ያደገ ልጅ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም መሸከሙን ሊነገረው አይገባም። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማልኛ አፉን የፈታበት ልጅም የራሱ ምሳሌና ተረት አለው። ከሚያውቀው ጀምሮ ማሻገር ሲቻል፣ ምንም እንደማያውቅ ቆጥረን ከዜሮ እናስጀምረዋለን።

ሰዋስውም እንዲሁ ነው። ተማሪው «አይ ሃቭ ቶልድ ሂም የስተርዴይ» ሲል በቀይ እናሰምርበታለን። ለምን እንደተሳሳተ ግን አንነግረውም። በአማርኛ «ትናንት ነግሬዋለሁ» ማለት ትክክል ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ያለቀ ጊዜ በስሙ ከተጠራ ፕሬዘንት ፐርፌክትን አይቀበልም። «ዘ ማን ሁ አይ ሶው ሂም» የሚለውስ? «ያየሁት ሰው» ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ሰውየውን ታመለክታለች። ልጁ እሷን «ሂም» ብሎ ተረጎማት። እንግሊዝኛ ግን እዚያ ቦታ ላይ አይፈልጋትም። ይህ የደደብ ስህተት አይደለም፤ የሚያስብ ልጅ ስህተት ነው። አምስት ደቂቃ ወስዶ ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥለት ሰው ብቻ ነው ያጣው።

ድርሰት ጋ ስንደርስ የተለመደው መልስ ይመጣል፦ «ስልሳ ተማሪ ይዤ ማን ያርማል?» ጥያቄው እውነት አለው። ለአንድ ወረቀት አምስት ደቂቃ ቢሰጥ ስልሳው አምስት ሰዓት ይፈጃል። አምስት ክፍል ላለው መምህር ሃያ አምስት ሰዓት ነው። በዚያ ደመወዝ ይህን መጠየቅ ግፍ ነው። ግን ማን ሁሉንም አርም አለው? በሁለት ሳምንት አንድ አንቀጽ ይጻፍ። ተማሪዎቹ ይለዋወጡና ሦስት ነገር ብቻ ይፈልጉ፦ ኃይለ ቃሉ የቱ ነው? ማስረጃው የታለ? ከጉዳዩ የወጣ ዓረፍተ ነገር አለ? መምህሩ አሥሩን መርጦ ያንብብ፤ በሚቀጥለው ሌላ አሥር።

«በአገር ደረጃ አይቻልም» የሚል ካለ ጎረቤታችንን ኬንያን ይይ። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ የእንግሊዝኛ ፈተናዋ ድርሰት ያጽፋል፤ በክፍል ከተነበቡ መጻሕፍትም ያጽፋል። ናይጄሪያና ጋና የሚጋሩት የምዕራብ አፍሪካ ፈተናም እንዲሁ። እነሱ ከእኛ የተለየ ሀብት ኖሯቸው አይደለም፤ መጻፍን እንደ እውቀት ስለቆጠሩት ነው።

ይህ የቋንቋ ቅንጦት አይደለም። ዩኒቨርሲቲያችን በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ከፍሎ የተማረው ልጅ ከታች ጀምሮ ሲጽፍ ቆይቶ ይገባል። የገጠሩ ልጅ የመጀመሪያ ድርሰቱን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይሞክራል፤ ስላልቻለም ከሌላ ገልብጦ ያስገባል። ከዚያ «ኮራጅ» እንለዋለን። ምርምሩ፣ የሥራ ማመልከቻው፣ የውጭ አገር የትምህርት ዕድሉ ሁሉ የሚዘጋበት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው አጭር ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በብሔራዊ ፈተናው ላይ አንድ የሚጻፍ አንቀጽ ያስገባ። አንድ ብቻ! ፈተናው ከጠየቀ ክፍሉ ያስተምራል፤ ቤተሰብም ያስጠናል። እስከዚያ መምህራን ፈቃድ አትጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት አንድ አንቀጽ አጽፉ። ወላጆችም ልጃችሁን «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ጻፍክ?» በሉት።

መምህር የሆነ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። «አይሠራም» የምትሉም ምክንያታችሁን ከታች አስቀምጡ፤ በአንድ አንቀጽ፣ ከነማስረጃው።