ሸሪኩ ሲወጣ የገበሬው ውል እንዳይቀር

በቀድሞው የመናገሻ አውራጃ፣ ዛሬ በሸገር ከተማ በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ፣ የገበሬውን ወተትና እህል ከሚረከቡት መካከለኛ ድርጅቶች ብዙዎቹ አባት ጀምሯቸው ልጆች የሚያንቀሳቅሷቸው የቤተሰብ ድርጅቶች ናቸው። እንዲህ ያለው ድርጅት ተጨማሪ መኪና ለመትከል ባሰበ ጊዜ ባንክ መያዣ ይጠይቀዋል፤ ለመኪናው መግዣም የውጭ ምንዛሪ ያስፈልገዋል። በዚህን ጊዜ ነው የግል ካፒታል ፈንድ የተባለው ሸሪክ ብቅ የሚለው።

ፈንዱ ከጡረታ ድርጅቶች፣ ከልማት ባንኮችና ከባለጸጎች ያሰባሰበውን ገንዘብ ይዞ የድርጅቱን ድርሻ ይገዛል፤ ሒሳቡን ያደራጃል፤ በቦርዱም ይቀመጣል። ከዚያም እንደ ልማዱ ከ4 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ድርሻውን በትርፍ ሸጦ ይወጣል። መውጣቱ ክሕደት አይደለም፤ ገና ሲገባ ለገንዘብ ሰጪዎቹ የገባው ቃል ነው።

ችግሩ የፈንዱ ዘመንና የገበሬው ዘመን አለመገጣጠማቸው ነው። ዛሬ የተወለደች ጥጃ አድጋና ወልዳ ወተት እስክትሰጥ 3 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ፋብሪካውን ተማምኖ የተዳቀለች ጊደር በብድር የገዛ ገበሬ፣ ዕዳውን ከፍሎ ሳይጨርስ ሸሪኩ ሊለወጥበት ይችላል።

ይህ ዓይነቱ ገንዘብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ርዳታ በማሰባሰብ የታወቀው ቦብ ጌልዶፍ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት 8 ማይልስ የተባለው ፈንድ፣ በ2005 ዓ.ም. ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ተሻርኮ አዋሽ ወይን ጠጅን ገዝቷል። የሰበታው ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ የቤተሰብም የፈንድም ንብረት አልነበረም፤ ነገር ግን የባለቤት መለዋወጥን በቅርብ ያሳያል። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. በ225 ሚሊዮን ዶላር ለዲያጆ ሸጠው፤ ዲያጆም ከገበሬዎች ጋር የቢራ ገብስ ውል ሲያካሂድ ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን ለካስቴል ለቀቀ። ፋብሪካው እዚያው ሰበታ ነው፤ ገብሱን የሚገዛው እጅ ግን በ10 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተለወጠ።

እንግዲህ ሸሪክ አይምጣ ማለት አይበጅም። የወተት ማቀዝቀዣና የዘመነ መኪና ያለ ገንዘብ አይገኝም። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባው ሽያጩ በምን መልክ እንደሚካሄድ ነው። ድርሻው ብቻ ሲሸጥ ድርጅቱ ያው ድርጅት ስለሆነ ውሉ እንደጸና ይቀጥላል። ሕንጻውና መኪናው ተነጥለው ሲሸጡ ግን አዲሱ ገዢ፣ በስምምነት ካልተረከበው በስተቀር፣ የቀድሞውን ውል አላውቅም ሊል ይችላል። በቃል ብቻ ሲረከብ የኖረ ከሆነማ የሚያነሳው ማስረጃ እንኳ አይኖርም።

ስለዚህ ውሉ በጽሑፍ፣ በየግለሰቡ ሳይሆን በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወይም በዩኒየኑ ስም ሊፈረም ይገባል። ንብረቱን የሚረከብ ሁሉ ውሉንም እንዲረከብ፣ ሽያጩም አስቀድሞ ለማኅበሩ እንዲነገር በግልጽ ይጻፍ። በ2015 ዓ.ም. የግብርና ምርት ውል አዋጅ ስለ ወጣ፣ መሪዎች ከመፈረማቸው በፊት ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ቢመክሩ ይጠቀማሉ።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ይኸውም ጾም ነው። በዐቢይ ጾም ወተት ፈላጊ ሲያጣ የአካባቢው ተወላጅ የሆነው ባለቤት ጎረቤቱን ላለማስቀየም ሲል ይረከብ ይሆናል። ሒሳብ ብቻ የሚያየው አዲስ ሸሪክ ግን ይህን ይሉኝታ አያውቀውም። በጾሙ 55 ቀናት ስንት ሊትር፣ በምን ዋጋ እንደሚረከብ ውሉ ላይ በቁጥር ይስፈር።