ለቡቺም በደጅ ቦታ ይኑረው

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል የአገር ቤት ሰው፣ ስለ ውሻ ታማኝነት ሲመሰክር። ያው ሰው ግን ባልንጀራውን ለመስደብ ሲነሳ ቀድሞ አፉ ላይ የሚመጣለት የዚሁ የውሻ ስም ነው። በኢትዮጵያዊ ዘንድ ውሻ የሚመሰገነውም የሚናቀውም በአንድ አፍ ነው። ግቢ ይጠብቃል፣ ጅብ ያባርራል፣ ሌባ ያስደነግጣል፤ ከቤቱ ደፍ ግን አያልፍም። ስለዚህም በስደት አገር አንድ ወገን ተነስቶ «ውሻ ይዞ ቡና የሚጠጣበት ቤት የት ይገኛል?» ብሎ ቢጠይቅ በመጀመሪያ የሚሰማው ሳቅ ነው። ቀጥሎም «ፈረንጅ ሆነህ ቀረህ!» ይባላል።

ይሁን እንጂ ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም። ከከተማ ርቀው ለሚኖሩ ቤተሰቦች እንዲያውም ከባድ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ የሎስ አንጀለስን ሁኔታ መመልከት ይበቃል። በፌርፋክስ ጎዳና ያለው ሠፈር በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «ሊትል ኢትዮጵያ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። እዚያ እንጀራው፣ ቡናው፣ በርበሬውና ወሬው በአንድ መንገድ ዳር ይገኛል። የቤት ኪራይ ሲንር ግን ልጆች ያሉት ቤተሰብ በአቅሙ ጓሮ ያለው ቤት ፍለጋ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ፎንታና፣ ወደ ራንቾ ኩካሞንጋ፣ ወደ ሞሪኖ ቫሊ ይሄዳል። ከፎንታና ፌርፋክስ ለመድረስ ከ50 ማይል በላይ ይነዳል። ፍሪዌይ በተጨናነቀበት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ለአንድ ስኒ ቡና ግማሽ ቀን ያልቃል።

በእንዲህ ያለ ሠፈር የሚታየው ኑሮ በብዙ ቤት ተመሳሳይ ነው። ባልና ሚስት ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው ወደ ሥራ ይነዳሉ። ልጆች በትምህርት ቤት አውቶቡስ ይሄዳሉ። ቤት የሚቀሩት የልጅ ልጅ ለማሳደግ ከአገር ቤት የመጡት እናት ናቸው። የልጅ ልጆቹ አድገውባቸዋል፤ መኪና አይነዱም፤ ቋንቋውም አልገባላቸውም። መንገዱ ሰፊ፣ ቤቱ ያማረ፣ ሣሩ የታጨደ ነው፤ «እንዴት አደሩ?» የሚል ግን አያልፍም። ከርሳቸው ጋር ቀኑን ሙሉ የሚውለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ልጆቹ አልቅሰው ያስገዙት ውሻ ነው።

እኚህ እናት መጀመሪያ «ሰውና ውሻ በአንድ ጣሪያ ሥር!» ብለው አማትበው ነበር። ውሎ አድሮ ግን ቡቺ ብለው ስም አወጡለት። ያዋሩታል። «ና»፣ «ተቀመጥ»፣ «ተው እንግዲህ» ሲሏቸው ከልጅ ልጆቹ ይልቅ ቶሎ የሚሰማው እሱ ነው። በዚያ ቤት ከተወለዱትና ካደጉት ሁሉ አማርኛ በደንብ የሚገባው ቡቺ ሆኗል ቢባል ቀልድ ብቻ አይደለም። ከቤት የሚያወጣቸውም እሱ ነው። ገመዱን ይዘው በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣሉ። ውሻው ባይኖር ለሳምንት ከበር የማይወጡ እናቶች ብዙ ናቸው።

ታዲያ የት ይሂዱ? ሃያ ደቂቃ ያህል ተጉዘው ሱቆቹ ያሉበት ፕላዛ ሲደርሱ አንድ የፈረንጅ ካፌ አለ። ደጁ ላይ ወንበር ተደርድሯል። ውሻ ይፈቀድ አይፈቀድ አያውቁም፤ ለመጠየቅ ቋንቋው ያግዳቸዋል፤ ቢያባርሯቸው ደግሞ ውርደት ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ እንጀራና ቡና የሚሸጥ የወገን ሱቅ ይኖር ይሆናል። እዚያ ግን ወንበሩ ሁሉ ከውስጥ ነው፤ በሩ ላይም ውሻ ማስገባት ክልክል መሆኑ ተጽፏል። እናቲቱ ጥላው ሥር ጥቂት ቆመው ይመለሳሉ። እዚህ ላይ የሚያሳስበው ቡቺ ካፌ መቀመጡ አለመቀመጡ አይደለም፤ ገመዱን የያዙት ሰው የሚቀመጡበት ማጣታቸው ነው።

ነገሩ የጤናም ጉዳይ ነው። በወቅቱ የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ብቸኝነት ባወጡት ማሳሰቢያ፣ ከሰው ተነጥሎ መኖር በዕድሜ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በቀን እስከ 15 ሲጋራ ከማጨስ ጋር አነጻጽረውታል። አገር ቤት ይህን የሚከላከል መድኃኒት በየጎረቤቱ ነበር። «ቡና ጠጡ» ተብሎ ልጅ ይላክ ነበር። ከከተማ ውጪ ባለው የአሜሪካ ሠፈር ግን ልጅ የሚላክበት ጎረቤት የለም፤ ያለው ካፌው ብቻ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ የካፌና የሬስቶራንት ባለቤቶች «የጤና ጥበቃ ይዘጋብናል» ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ በከፊል ትክክል ነው። ምግብ ወደሚሠራበትና ከውስጥ ወዳለው መመገቢያ ቤት የቤት ውሻ ማስገባት አይፈቀድም። በደጅ ያለው መቀመጫ ግን ሌላ ነው። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ ባለቤቱ ከወደደ በደጅ መቀመጫው ውሻ እንዲፈቅድ መብት ሰጥቶታል። ከተማው ወይም ካውንቲው በራሱ ደንብ ሊከለክል ስለሚችል ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2022 ባወጣው የምግብ ደንብ አርአያ ላይ፣ የአካባቢው ባለሥልጣን ከፈቀደ ውሻ በደጅ መመገቢያ ሊኖር እንደሚችል አስገብቷል።

የካሊፎርኒያው ሕግ ያስቀመጣቸው ግዴታዎች ከባድ አይደሉም። ውሻው በቤቱ ውስጥ ሳያልፍ ከውጪ በቀጥታ የሚገባበት መንገድ መኖር አለበት። በገመድ መታሰር ወይም በመያዣው ውስጥ መሆን አለበት። ወንበርና አግዳሚ ላይ አይወጣም። ውሃም ሆነ ምግብ የሚሰጠው ተጠቅመው በሚጥሉት ዕቃ ብቻ ነው፤ ሰው በበላበት ሳህን አይሰጠውም። አስተናጋጅ በሥራ ላይ እያለ ውሻውን መንካት አይፈቀድለትም፤ ከነካ እጁን ይታጠባል። ውሻው ካቆሸሸም ቦታው ወዲያውኑ ይጸዳል።

ለኢትዮጵያዊ ካፌ ልዩ ትርጉም ያለው አንድ አንቀጽም አለ። ውሻ በሚፈቀድበት ደጅ ላይ ምግብና መጠጥ ማዘጋጀት አይቻልም። ስለዚህ ረከቦቱን ደጅ ላይ ዘርግቶ፣ ቡና ቆልቶ፣ ጀበና ጥዶ፣ ከጎን ውሻ ማስቀመጥ ሕጉን መጣስ ነው። ቡናው ውስጥ ይቆላ፣ ጀበናውም ውስጥ ይፈላ፤ ተቀድቶ በስኒ ወደ ውጪ ይምጣ። ይህን ማድረግ ለማንም አያዳግትም።

የሚቃወሙትም ምክንያት አላቸው

ውሻ የሚፈራውን ሰው በሞኝነት ማየት ተገቢ አይደለም። አገር ቤት ያደገ ሰው የእብድ ውሻ በሽታን በወሬ ሳይሆን በዓይኑ ያውቀዋል። የተነከሰ ሰው አዲስ አበባ ፓስተር ሄዶ ቀን በቀን መርፌ ሲወጋ አይቷል። በሽታው ዛሬም በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድልና አብዛኛውም በውሻ ንክሻ የሚመጣ እንደሆነ የዓለም የጤና ድርጅት ይናገራል። በአሜሪካ ግን ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው የዚህ በሽታ ዓይነት መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታውጇል። ይህም የሆነው በክትባት ነው። ስለዚህ ውሻውን ያላስከተበ ሰው ካፌ ይዞት ሊመጣ ቀርቶ ከግቢው ሊያስወጣው አይገባም።

የሃይማኖቱም ነገር አለ። ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ብዙ ሙስሊሞችም የውሻ ምራቅ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ ሳያጥቡ አይጠቀሙበትም። ይህ ሊከበር ይገባል፤ ውሻው በደጅ ብቻ እንዲቀመጥ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ሃይማኖት ውሻን ከሰው መንገድ ጨርሶ አላባረረውም። በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ጦብያ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው ተከትሎት ሄዷል። በቁርዓንም የዋሻው ሰዎች ሲተኙ ውሻቸው በደጃፉ ላይ ክንዱን ዘርግቶ ነበር። በሁለቱም ዘንድ ውሻው ከሰዎቹ አልተለየም፤ ቦታውን ግን አውቋል።

ሦስተኛው ቅሬታ የመሶቡ ነው። ፈረንጅ በሹካ ይበላል፤ ኢትዮጵያዊ ግን በእጁ፣ ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። ውሻ የዳበሰ እጅ ትሪው ላይ ሲወርድ የሚጸየፍ ሰው አይፈረድበትም። መልሱ ግን አሮጌው መልስ ነው፤ እጅ መታጠብ። ከማዕድ በፊት ማስታጠቢያ የሚዞርበት ባህል ያለው ሕዝብ ይህን ከማንም መማር አያስፈልገውም።

ውሻ ያለውም ግዴታ አለበት

መብት የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ራሱን ያርም። ካፌ ከመሄዱ በፊት ይደውል፤ «ከደጅ መቀመጫ አላችሁ? ውሻ ትፈቅዳላችሁ? በየት በኩል ይገባል?» ብሎ ይጠይቅ። እናቱ ቋንቋ የማይችሉ ከሆነ ልጅየው ደውሎ ይጠይቅላቸውና «እዚህ ይፈቀዳል» ብሎ ያሳያቸው፤ አንድ ቀን አብሮ ሄዶ ቢያስለምዳቸው ደግሞ የበለጠ ነው። ሰው በሚበዛበት ሰዓት ሳይሆን ረጋ ባለው ሰዓት ይሂድ፤ ጥግ ይያዝ፤ ገመዱን ያሳጥር። ውሻው የሚጮኽ ወይም ሰው ላይ የሚዘል ከሆነ ሠልጥኖ እስኪገራ ድረስ ቤት ይቆይ። መጥረጊያና ከረጢት ሳይዝ የሚወጣ ሰው ደግሞ የሌሎቹንም በር ያዘጋል።

የበጋውም ፀሐይ ሊረሳ አይገባም። በእነዚያ የምሥራቅ ከተሞች በሐምሌና በነሐሴ አስፋልቱ ይፋጃል። የእጅን ጀርባ መሬቱ ላይ አድርጎ ጥቂት ሴኮንድ መታገሥ ካልተቻለ፣ የውሻው መዳፍም ይቃጠላል። ጠዋት ወይም ሲመሽ መውጣት ይሻላል። ውሻን መኪና ውስጥ ዘግቶ ቡና ልጠጣ ማለት ግን መግደል ነው።

ከሁሉ በላይ የደግነት ጉዳት አለ። ኢትዮጵያዊ ሲበላ ለሚያየው ነፍስ ሁሉ ካላጎረሰ አይሆንለትም። ወጥ ግን ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ቡናና ቸኮላትም ለውሻ መርዝ ናቸው። ስለዚህ ለቡቺ ከዶሮ ወጡ ማጉረስ ፍቅር መስሎ ይጎዳዋል። ውሃው ይበቃዋል።

ሁለቱን ውሾች አለመቀላቀል

ባለቤቶች አጥብቀው ሊያውቁት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ዓይነ ስውር የሚመራ ወይም ሌላ አካል ጉዳተኛ የሚረዳ የሠለጠነ ውሻ እንደ ቡቺ አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ይህ ውሻ ደንበኛ በሚገባበት ሁሉ፣ ወደ ውስጥም ጭምር፣ ይገባል። ነገሩ ግልጽ ካልሆነ ባለቤቱ ሊጠይቅ የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ረዳት ነው ወይ? ምን እንዲሠራስ ሠልጥኗል? ወረቀት አምጣ ማለት፣ ስለ ሕመሙ መመርመር፣ «ደንበኞች ይፈራሉ» ብሎ መመለስ አይቻልም። በካሊፎርኒያ ይህን የጣሰ ተከሶ ከተረታ ከ4,000 ዶላር ያላነሰ ካሳ ይከፍላል። ሰውን ለማጽናናት ብቻ የሚያዝ ያልሠለጠነ ውሻ ግን ይህ መብት የለውም። እንደ ማንኛውም የቤት ውሻ ደጅ ላይ ይቀመጣል።

ከባለቤቶች የሚጠበቀው

ከዚህ በኋላ ነገሩ በካፌ ባለቤቶች እጅ ነው። የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ከተማውን ጠይቆ ማረጋገጥ፣ ደጅ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጠረጴዛ ከነጥላው ማውጣት፣ የሚጣል የውሃ ዕቃ ማዘጋጀት፣ በሩ ላይም በአማርኛና በእንግሊዝኛ «ከውጪ ውሻ ይዘው መቀመጥ ይችላሉ፤ ወደ ውስጥ ግን አይገባም» ብሎ መጻፍ ነው። የሚፈራው ሰው ውስጥ በሰላም ይበላል፤ ውሻ ያለውም ደጅ ላይ በሰላም ይጠጣል። ሁለቱም አንዱ የሌላውን ቦታ አልነካም።

ትርፉም አይናቅ። ከምሳ በኋላ እስከ ማታ ያለው ሰዓት በብዙ ካፌ ባዶ ነው። ውሻ ይዞ የሚዞረው የሠፈሩ ፈረንጅ በዚያ ሰዓት ነው የሚያልፈው። እዚህ አገር የተወለዱትም ልጆች ውሻቸውን ይዘው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ፈረንጅ ካፌ የሚሄዱት ሌላ ስለሚጣፍጣቸው ሳይሆን እዚያ ስለሚፈቀድላቸው ነው። ልጆቹ አንዴ ከለመዱት በኋላ ወደ ወገን ቤት መመለሳቸው ያጠራጥራል።

እናቲቱ ግን የሚሄዱበት ሌላ ካፌ የላቸውም። ነገ ጠዋትም ገመዱን ይዘው በዚያው መንገድ ያልፋሉ። ደጅ ላይ አንድ ወንበር ቢያገኙና ከውስጥ አንድ ሰው ወጥቶ «እማማ፣ እንዴት አደሩ? አረፍ ይበሉ እንጂ፣ ቡና ደርሷል» ቢላቸው፣ በዚያ ሳምንት ከቤተሰባቸው ውጪ በአማርኛ ያነጋገራቸው የመጀመሪያው ሰው ሊሆን ይችላል። ወንበሩን ማውጣት ቀላል ነው። ባለቤቶች ያስቡበት።