ሁለት መቶ ፈረስ ሜዳ ይፈልጋል



የቅርስ ክፍል መምህርታችን «ከቤታችሁ አንድ ነገር መርጣችሁ ሐሳባችሁን ጻፉ» ሲሉን፣ ጓደኞቻችን ስለ ሲግድ፣ ስለ ዳቦና ስለ ቡና፣ ስለ ሱዳን መንገድ ጻፉ። እኛ ደግሞ በቤታችን በየሳምንቱ ክርክር ስለሚያስነሳ ነገር እንጽፋለን። እሱም የአጎታችን ልጅ መኪና ነው። አማርኛውን የተማርነው ከቤት ስለሆነ ስህተት ብታገኙ ይቅርታ አድርጉልን። ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መኪናው ያገለገለ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ነው። ሱባሩ የሚለውን ስም በእስራኤል የማያውቅ ሰው የለም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የዓረብ አገሮች ማዕቀብ ስለነበረ፣ ቶዮታን የመሰሉ ትልልቅ የጃፓን ኩባንያዎች ለእስራኤል መኪና አይሸጡም ነበር። ሱባሩ ግን ይሸጥ ነበር። ስለዚህ መንገዱ ሁሉ በሱባሩ ተሞላ። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡት አባታችንም መጀመሪያ የገዙት መኪና አሮጌ ሱባሩ ነበር። ስድስት ሰው እየጫኑ ወደ ሥራ ሄደውበታል፤ ዛሬም ሲያነሱት ደስ ይላቸዋል።

የአጎታችን ልጅ መኪና ግን ስሙ ነው እንጂ ሌላው ከዚያ ጋር አይመሳሰልም። ኢምፕሬዛ በዓለም ራሊ ሻምፒዮና የፋብሪካዎችን ዋንጫ በ1995፣ በ1996 እና በ1997 በተከታታይ ለሱባሩ ያስገኘ መኪና ነው። ሞተሩ ተርቦ አለው፤ ይህም ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንድ ትንሽ መዘውር እያሽከረከረ ወደ ሞተሩ ብዙ አየር እንዲገፋ የሚያደርግ ነው። ጉልበቱም ለአራቱም ጎማዎች ይከፋፈላል። ከ200 በላይ የፈረስ ጉልበት አለው።

ክርክሩ እንዲህ ነው። አክስታችን «ይሽጠውና ቤት ይግዛበት» ይላሉ። አጎታችን «ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ይኼ ብረት አበላሸው» ይላሉ። እሱ ደግሞ «በላቤ ያገኘሁት ገንዘብ ነው» ብሎ በሩን ዘግቶ ይወጣል። እኛ የምንለው ግን ሁለቱም ወገኖች ያልተናገሩት ነገር አለ ነው። ፈጣን መኪና መውደድ ነውር አይደለም። መንገድ ላይ መፍጠን ግን ጀግንነት አይደለም። ፍጥነት የራሱ ሜዳ አለው።

ይህን ሐሳብ ያገኘነው ከመኪና መጽሔት አይደለም፣ ከአያታችን ነው። አባባ በጎንደር ልጅ ሳሉ ጉግስ ሲጫወቱ አይተዋል። ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን ዱላ ይዞ ያሳድዳል፣ ሌላው በጋሻ እየመከተ ይሸሻል። አንድ ቀን «አባባ፣ ፈረሶቹ ሕፃናቱን አይረግጡም ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፣ ጉግስ በሜዳ ነው እንጂ በመንደር መካከል ማን ይጋልባል? በመንደር የጋለበ እንደሆነ ሽማግሌ ጠርቶ ይገሥጸዋል» አሉን። እንግዲህ አንድ ፈረስ ሜዳ ከፈለገ ሁለት መቶ ፈረስ ምን ሊፈልግ ነው?

በሰፈራችን ግን ሌሊት ሌሊት ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ወጣቶች ይሽቀዳደማሉ። ከእኛ በሁለት ዓመት የሚበልጥ አንድ ልጅ እዚያ መንገድ ላይ ከመኪና ጋር ተገልብጧል። እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለ፤ የሚሄደው ግን በክራንች ነው። የእናቱን ጩኸት ከሦስተኛ ፎቅ ሰምተናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪና ድምፅ በሌሊት በተሰማ ቁጥር በሕንፃው ውስጥ ያሉ እናቶች ሁሉ መስኮት ይከፍታሉ።

እናቶቻችን የሚፈሩት አደጋውን ብቻ አይደለም። ከእኛ ወገን የሆነ ወጣት ምንም ሳያደርግ ፖሊስ የሚያስቆመው ጊዜ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ በ2015 እና በ2019 ታላላቆቻችን አደባባይ የወጡት ስለዚህ ነው። ያ በደል በመኪና የመጣ አይደለም፣ መኪና በመሸጥም አይጠፋም። ነገር ግን እናት ልጇ እስኪመለስ የማትተኛው በሁለቱም ምክንያት መሆኑን ጓደኞቻችን እንዲያስቡት እንፈልጋለን።

ሜዳው የት አለ የሚል ሰው ይኖራል። ድሮ በእስራኤል የመኪና ውድድር በሕግ የተፈቀደ አልነበረም። ክኔሴት የስፖርታዊ መኪና መንዳትን ሕግ ያወጣው በ2005 ነው፤ ሥራ ላይ እስኪውልም ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ዛሬ በነጌቭ በረሃ ፈቃድ ያለው ትራክ አለ። ከዚህች ትንሽ አገር የአሽዶድ ተወላጅ የሆነው አሎን ዴይ በ2017 በአሜሪካ የናስካር ትልቁ ውድድር ላይ የነዳ የመጀመሪያው እስራኤላዊ ሆኗል። ስለዚህ ሜዳ የለም ማለት ዛሬ ሰበብ ነው።

የአጎታችን ልጅ ባለፈው ዓመት አንድ ዓርብ ጠዋት ወደ ትራክ ሲሄድ እኛንም ወሰደን። ከዚያ በፊት ለመኪናው ብዙ ወጪ አውጥቶ ነበር። ወፍራም ማርሚታ አስገጥሞ ድምፁን እንደ ነጎድጓድ አድርጎታል፣ የሞተሩን ኮምፒውተር አስቀይሯል፣ የሚያብለጨልጭ ቸርኬ ገዝቷል። በማርሚታው ምክንያት በዓመታዊው ምርመራ፣ በቴስት፣ ወድቆ የድሮውን መልሶ እስኪያስገጥም ሁለት ሳምንት በአውቶቡስ ሄዷል። ፍሬኑን ግን አልነካውም ነበር።

በትራኩ ላይ በአምስተኛው ዙር ኩርባው ሳይደርስ ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ እስከ ታች ሰመጠ። መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ ጠጠሩ ገባና እዚያ ቆመ። ሰው አልተጎዳም፣ መኪናውም አልተጎዳም፤ እኛ ግን ጉልበታችን ተንቀጠቀጠ። የትራኩ አስተማሪ መጥተው ነገሩን በእርጋታ አስረዱን። ፍሬን የመኪናውን ፍጥነት ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ የሚሸከመው ጉልበት በአራት እጥፍ ይጨምራል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ያረጃል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ከገባበት ግን 155 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋም።

ይህ ነገር የደረሰው ሰፊ ጠጠር ባለበት፣ ራሱን በሄልሜት በሸፈነበት፣ ባንዲራ የያዙ ሰዎች በቆሙበት ቦታ ነው። በሰፈራችን መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ በጠጠሩ ቦታ የአውቶቡስ ማቆሚያ ነበር።

ስለዚህ እንደ እሱ መኪና ለሚወዱ ጓደኞቻችን ሐሳባችንን በቅደም ተከተል እንናገራለን። በመጀመሪያ ለፍሬን ክፈሉ። አዲስ የፍሬን ዘይትና ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራ ከማርሚታ ይቀድማሉ። ሁለተኛ ለጎማ ክፈሉ። መኪናውን ከምድር ጋር የሚያገናኙት አራት መዳፍ የሚያክሉ ቦታዎች ብቻ ናቸው፤ የቀረው ሁሉ በእነሱ ላይ ነው የቆመው። ሦስተኛ ለአስተማሪ ክፈሉ። የአጎታችን ልጅ ከአስተማሪው ጋር ለሃያ ደቂቃ ከነዳ በኋላ፣ ኩርባ ውስጥ ሳይሆን ከኩርባ በፊት ፍሬን መያዝን፣ ዓይንን ከመኪናው አፍንጫ አንስቶ ወደ መውጫው መላክን ተምሯል። በዚያው መኪና፣ በዚያው ሞተር ነው፤ ግን ፈጣንም ጸጥተኛም ሆነ። ኃይል መጨመር ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። ያውም በፈቃድ ነው፣ ምክንያቱም ያልተፈቀደ ለውጥ ያለበት መኪና ከመንገድ ይወርዳል፣ አደጋ ቢደርስም ኢንሹራንሱ ጥያቄ ያስነሳል። አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። መኪናም እንደዚያው ነው።

ለወላጆቻችን ደግሞ ሌላ ነገር አለን። ልጁ እጁ በዘይት ጠቁሮ ከጋራዥ ሲመለስ «እኛ በረሃ ያቋረጥነው አንተ ብረት እንድትፈታ ነው?» ይባላል። አባባ ግን የሚነግሩን ሌላ ታሪክ ነው። የእሳቸው አባት ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ ይሠሩ ነበር። የጎረቤት ገበሬ ያለ እሳቸው ማረሻ አያርስም፣ ግን በዚያው እጃቸው ምክንያት «ቡዳ» ብሎ ይሰድባቸው ነበር። ብረት የሚያውቅ እጅ በዚያ አገር ያሰድብ ነበር። እዚህ ደግሞ በራሳችን ቤት መናቅ የለበትም። የፍሬን ሸራ የሚቀይር፣ የጎማ ብሎን በልኩ የሚያጠብቅ፣ የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን የሚያውቅ ልጅ የቅድመ አያቱን ሥራ እየሠራ ነው። ባግሩቱን ይጨርስ፣ አዎ፤ ጋራዡን ግን ነውር አታድርጉበት።

ሁለት መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። አንደኛው «ትራክ ውድ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ መግቢያው፣ ቤንዚኑ፣ የሚያልቀው ጎማ ሁሉ ገንዘብ ነው። ነገር ግን የአጎታችን ልጅ ለማርሚታውና ለቸርኬው ያወጣው ገንዘብ ብዙ ቀን ያስነዳው ነበር። በየወሩ መሄድም አያስፈልግም፣ በዓመት አንድ ቀንም ብዙ ያስተምራል። ሁለተኛው «ፍጥነት የለመደ በመንገድም ይፈጥናል» የሚል ነው። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፣ ለሁሉም ሰው አይሆንም ብለን መማል አንችልም። እኛ ያየነው ግን ይህን ነው። የአጎታችን ልጅ መኪና ለመቆም ስንት ሜትር እንደሚፈጅ በዓይኑ ካየ በኋላ በአውራ ጎዳና ላይ ከፊቱ ካለው መኪና ርቆ ነው የሚሄደው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ማለት በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር ነው፤ እግር ፍሬን ላይ ሳይደርስ 25 ሜትር አለፈ ማለት ነው። ይህንን በክፍል ሰምተነው ነበር፤ ያመንነው ግን ጠጠሩን ካየን በኋላ ነው።

እኛ ገና አሥራ ስድስት ዓመታችን ነው። መንጃ ፈቃድ ስናገኝ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የምንነዳው ከአጃቢ፣ ከመላቬ፣ ጋር ብቻ ነው። ቀጥሎ ያሉትን ሦስት ወራት ደግሞ በሌሊት ከአጃቢ ጋር ነው። በማኅበረሰባችን ግን መንጃ ፈቃድ ያለው ወላጅ የሌለበት ቤት አለ። ስለዚህ ታላላቆቻችንን የምንለምነው፣ መኪናችሁን ልታሳዩን ብቻ አትጥሩን፤ ከጎናችን ተቀምጣችሁ አስተምሩን። ከተማችንም በየዓመቱ ስለ መንገድ አደጋ ፖስተር ከምትለጥፍ፣ አንድ ቀን አውቶቡስ ሞልታ ወጣቶችን ከአስተማሪ ጋር ወደ ትራክ ትውሰድ።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንናገርና እንጨርስ። በሁለተኛው ጊዜ አጎታችን ራሳቸው መጡ። ማንም አልለመናቸውም፤ «ምን እንደሚሠራ ልየው» ብለው ነው። በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዙሩን በጣታቸው ቆጠሩ። ልጁ ሲወርድ ስለ ፍጥነቱ አልጠየቁትም። ወደ ጎማው ጎንበስ ብለው «ፍሬኑን ማን ሠራው?» አሉ። «እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ሌላ አልተናገሩም። ሰንበት ሳይገባ ለመድረስ በጊዜ ተነሣን። አጎታችን ከፊት ተቀመጡ፣ ልጃቸው በቀኝ መስመር ቀስ ብሎ ነዳ፣ እሳቸውም ቤት እስክንደርስ ተኙ። በዚያ መኪና ውስጥ ሲተኙ ያየናቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ክርክሩ አላለቀም። አክስታችን አሁንም «ይሽጠው» ይላሉ። ሌሊት ግን መስኮት አይከፍቱም።