ለአንድ ወገን ብቻ የሚጮህ ዘበኛ

ባለፈው ሴሚስተር ለዜና አጻጻፍ ኮርስ በቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ላይ ስለተካሄደው ከሥልጣን የማውረድ ምርመራ ጽፌ ነበር። ዜናውን “አንድ ነቅቶ ጠባቂ ቡድን እንዳጋለጠው” ብዬ ጀመርኩ። መምህራችን ከሐረጉ ሥር በቀይ እስክሪብቶ “የማን ጠባቂ?” ብለው ጽፈው መለሱልኝ። ማርክ ስለተቀነሰብኝ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን እሳቸው ልክ ነበሩ እላለሁ።

ቡድኑ ኮንግረሽናል ኢንተግሪቲ ፕሮጀክት ይባላል። በ2022 እ.ኤ.አ. ምርጫ ሪፐብሊካኖች የተወካዮች ምክር ቤቱን ሲይዙ፣ በባይደን ላይ የሚከፍቱትን ምርመራ ለመመከት የተንቀሳቀሰ፣ ከዴሞክራቶች ጎን የቆመ ቡድን ነው። የመርማሪዎቹን አባባል እየተከታተለ መልስ ይጽፍ፣ ለጋዜጠኞች መረጃ ያድል፣ ማስታወቂያም ያስነግር ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ቡድኑ የሚከራከርበት ነገር አላጣም። ምርመራው በሴፕቴምበር 2023 ሲታወጅ ምክር ቤቱ ድምፅ አልሰጠበትም ነበር፤ ድምፅ የተሰጠው በዲሴምበር ሲሆን 221 ለ212 በሆነ ልዩነት፣ በፓርቲ መስመር ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ሪፐብሊካኖቹ ራሳቸው የጠሩት የሕግ ምሁር ጆናታን ተርሊ እንኳ በጊዜው የነበረው ማስረጃ ለክስ እንደማይበቃ ተናግረዋል። ባይደንና ልጃቸው ከአንድ የዩክሬን ኩባንያ ጉቦ ተቀብለዋል ያለው የኤፍ.ቢ.አይ. መረጃ አቀባይም በ2024 በሐሰት ተከሶ ጥፋቱን አመነ። በነሐሴ 2024 የወጣው የኮሚቴዎቹ ሪፖርት ፕሬዚዳንቱ ሊከሰሱ ይገባል ቢልም፣ ምክር ቤቱ ክሱን ለድምፅ ሳያቀርበው ቀረ።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? በእኔ እምነት ችግሩ ከቡድኑ ይልቅ እኛ ጋ ነው። እስቲ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የሃንተር ባይደን የንግድ ሸሪክ የነበረው ዴቨን አርቸር በጁላይ 2023 ለኮሚቴው ቃሉን ሰጠ። ሃንተር ከንግድ ሰዎች ጋር ሆኖ አባቱን 20 ጊዜ ያህል በስልክ እንዳገናኛቸው ተናገረ። ሪፐብሊካኖቹ ይህችን ይዘው ሮጡ። ያው ሰውዬ በስልኩ ስለ ንግድ እንዳልተወራም ተናግሯል። ዴሞክራቶቹ ደግሞ ይህችን ይዘው ሮጡ። ሁለቱም አልዋሹም፤ ግን ሁለቱም ግማሹን ነው የነገሩን። የቃሉ ሙሉ ግልባጭ ከቀናት በኋላ ይፋ ሆኗል። እኔ አሳይመንቴን ስጽፍ አላነበብኩትም ነበር። የቡድኑ ወረቀት አጭርና ጥሩ ሆኖ የተሰናዳ ስለነበር ገለበጥኩት።

አንዳንድ ጓደኞቼ “ምርመራው ፖለቲካ ከሆነ፣ የሚያጋልጠው ቡድን ፖለቲከኛ ቢሆን ምን ይጎዳል?” ይሉኛል። ለቡድኑ አይጎዳው ይሆናል፤ ተከራካሪ ነው፣ ደንበኛውን ይከላከላል። ጠበቃን ዳኛ ብሎ የሚጠራ ጋዜጠኛ ግን አንባቢውን ያታልላል። ሃንተር በ2024 በጦር መሣሪያ ጉዳይ ጥፋተኛ ተብሎ፣ በታክስ ጉዳይም ጥፋቱን አምኖ፣ በዲሴምበር አባቱ ምሕረት አድርገውለታል። ይህን በአንደኛው ወገን ወረቀት ብቻ የሚጽፍ ሰው ወይ ያጋንነዋል፣ ወይ ይዘለዋል።

እዚህም ቢሆን ለልምምድ ስንወጣ መጀመሪያ እጃችን የሚገባው የሆነ መሥሪያ ቤት ወይም ማኅበር ያዘጋጀው መግለጫ ነው። ስሙን ቀይረን፣ አርዕስት ሰጥተን “ዜና” እንለዋለን። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? መግለጫውን አንጣለው፤ ጥቆማ ይሆነናል። ግን ማን እንደጻፈው፣ ለማን እንደቆመ በመጀመሪያው አንቀጽ እንንገር፤ ከዚያ ዋናውን ሰነድ እንክፈት።

ዘበኛ መጮሁ ጥሩ ነው። የራሱ ጌታ ሲሰርቅም ይጮህ እንደሆነ መጠየቅ ግን የኛ ሥራ ነው። ያንን ጥያቄ ባለመጠየቄ የተቀነሰብኝ ማርክ ይገባኛል።