የሊምፎማ ሕክምናን ላጠናቀቁ ታካሚዎች የሚደረግ ክትትል፦ ፋይዳውና አፈጻጸሙ

ሊምፎማ ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሳና በአብዛኛው በሊምፍ ዕጢዎች ላይ የሚታይ የካንሰር ዓይነት ነው። ሆጅኪን እና ሆጅኪን ያልሆነ ተብሎ በሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ይመደባል። በተለይ ሆጅኪን ሊምፎማ በወቅቱና በአግባቡ ከታከመ የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ይሁን እንጂ የኬሞቴራፒው ዙር ተጠናቆ የበሽታው ምልክት ሲጠፋ ታካሚው ወደ ክትትል ምዕራፍ ይሸጋገራል እንጂ ከሐኪሙ ጋር ያለው ግንኙነት አያበቃም። ብዙዎች ጤንነት ሲሰማቸው ቀጠሮ የሚያቋርጡት በዚህ ወቅት ነው።

በፍጥነት የሚያድጉት የሊምፎማ ዓይነቶች በአብዛኛው የሚያገረሹት ሕክምናው በተጠናቀቀ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ነው። ስለሆነም ቀጠሮው በእነዚህ ዓመታት በየ3 ወሩ ገደማ፣ ከዚያም እስከ 5ኛው ዓመት በየ6 ወሩ፣ በኋላም በዓመት አንድ ጊዜ መሆኑ የተለመደ ነው። በዝግታ የሚያድጉት ዓይነቶች ግን ከብዙ ዓመታት በኋላም ሊመለሱ ስለሚችሉ የረጅም ጊዜ ክትትል ይፈልጋሉ።

የክትትሉ መሠረት የታካሚው ቃል፣ የሐኪሙ የአካል ምርመራና የደም ምርመራ ነው። ምልክት ለሌለው ታካሚ በየጊዜው ሲቲ ስካን ማንሳት ዕድሜን እንደሚያራዝም አልተረጋገጠም፤ ለተጨማሪ ጨረርና ወጪም ይዳርጋል። በመሆኑም ሐኪሙ ስካን አለማዘዙ እንደ ቸልተኝነት ሊቆጠር አይገባም። ያገረሸ ሊምፎማ በአብዛኛው የሚታወቀው ታካሚው ራሱ በሚያስተውላቸው ለውጦች ነው። እነዚህም በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት የሚወጣ ሕመም የሌለው እብጠት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት፣ ልብስ የሚያርስ የሌሊት ላብ እና የክብደት መቀነስ ናቸው። እነዚህ ሲታዩ የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም።

በአገራችን ጉዳዩን የሚያወሳስበው የሊምፍ ዕጢ ቲቢ መብዛቱ ነው። ቲቢም እብጠት፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ያስከትላል። ቀደም ሲል ለሊምፎማ የታከመ ሰው ይህንን ታሪኩን ለጤና ባለሙያው ካልተናገረ፣ ያገረሸው በሽታ እንደ ቲቢ ተቆጥሮ ውድ ወራት ሊባክኑ ይችላሉ። ሁለቱን ለመለየት ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ መመርመር ይኖርበታል።

ክትትሉ የሕክምናውን ዘግይተው የሚመጡ ጉዳቶችም ይመለከታል። ዶክሶሩቢሲን ልብን፣ ብሊዮማይሲን ደግሞ ሳንባን ሊጎዱ ይችላሉ። በአንገት ላይ የተሰጠ ጨረር የታይሮይድ ዕጢን ሥራ ሊያዳክም ይችላል። በወጣትነታቸው በደረታቸው ላይ ጨረር የወሰዱ ሴቶችም ለጡት ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ይጨምራል።

ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ ነበር። አገልግሎቱ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች መጀመሩ ጫናውን የሚያቀልል ቢሆንም፣ ለበርካታ ታካሚዎች የመጓጓዣና የማረፊያ ወጪ አሁንም ክትትልን የሚያስቋርጥ ምክንያት ነው። የአካልና መሠረታዊ የደም ምርመራ ግን በአቅራቢያ ባለ ሆስፒታልም ሊከናወን ስለሚችል፣ ክትትሉን በከፊል ወደዚያ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ከሐኪም ጋር መመካከር ይገባል።

ስለዚህ ሕክምናቸውን የሚያጠናቅቁ ተገልጋዮች የበሽታው ዓይነት፣ የመድኃኒቶቹ ስምና መጠን፣ የዙሩ ብዛት እና ጨረር ያረፈበት የአካል ክፍል የተገለጸበት የሕክምና ማጠቃለያ ጠይቀው እንዲወስዱ ይመከራል። ማጠቃለያውን ከናሙና ምርመራው ውጤት ጋር በጥንቃቄ መያዝና በማንኛውም ጤና ተቋም ማሳየት ያስፈልጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላትም የሪፈራል ሥርዓቱን ተከትለው መሄድ ይጠበቅባቸዋል።